ለመድኃኒት ነው በሉ

ጎጃም ውስጥ ጥቁር ቀለም እንዲህ ይጠፋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሠዓሊ ወዳጄ የፋብሪካ ቀለም በቃኝ፣ ከእንግዲህ አገር ባበቀለው ነው የምሥለው ብሎ ምሏል። ቀዩ አላስቸገረውም፤ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ አፈር ብረት የበዛበት ስለሆነ መንገድ ሲወጣ ከተቆረጠው ገደል ሥር ማዳበሪያውን ሞላ። ለቢጫው እርድ ገበያ አለ። የቀረው ጥቁር ነው። የብራና ጸሐፊዎች ከድስትና ከምጣድ ቂጥ የፋቁትን ጥላሸት ካረረ እህል ጋር ወቅጠው፣ ሙጫ ጨምረው፣ ዘፍዝፈው ለወራት ያቆዩታል። ወዳጄም ይህንኑ ሊሞክር ከመንገድ ዳር አንድ ደጅ ቆመ።

«እማማ፣ ከድስትዎ ቂጥ ትንሽ ጥላሸት ይሰጡኛል?»

እማማ ክው አሉ። «ምነው ልጄ! ቤቴ ምን ጎድሎ ነው እንግዳ ጥላሸት ይዞ የሚሄደው? ግቡ እንጂ፣ አፈር ስሆን!»

ገባን። እንጀራው ቀርቦ መጉረስ ስንጀምር ከጓሮ ፍትግ ፍትግ የሚል ድምፅ መጣ። ወዳጄ ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ እማማ እጃቸው እስከ ክርን አመድ ለብሶ፣ ድስቱን ገልብጠው ይዘው ገቡ። ፊቴን አየሁበት።

«ይኸው፣ አሁን ለሰው ዓይን ይበቃል።»

የወዳጄ ፊት ሲጠቁር አዩና አዘኑ። «ቀለም ነው የቸገረህ?» ብለው ከአልጋ ሥር በር ተቀብቶበት የተረፈ ሰማያዊ ቀለም ከነቆርቆሮው አወጡ። «ይኼ የከተማ ነው፣ አይለቅም።»

የእኛ አገር መስተንግዶ እንግዳው የጠየቀውን አይሰጥም፤ ባለቤቱን የማያሳፍረውን ነው የሚሰጥ። እኔ ደግሞ እማማን ደገፍኩ። የድሮ ሠዓሊዎቻችንስ ቢሆኑ መቼ በአገር አፈር ብቻ ተወሰኑ? በጎንደር ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ ከሜርኩሪ ማዕድን የሚገኝ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ደማቅ ቀይ ተገኝቷል። ለእመቤታችን ልብስ አፈር መቀባት እንደ እማማ አሳፍሯቸው ይሆናል።

እንግዳም እንደ እንግዳው ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. የማርሴል ግርዮል የፈረንሳይ ጓድ ጎንደር መጥቶ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ በምትካቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል ሠዓሊ የሣላቸውን ቅጂዎች ለጠፈ። ምነው እሱም ጥላሸት ብቻ ለምኖ በሄደ!

ሰማያዊውን እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ተቀበልን። የወዳጄን ሥዕል አይቶ «ይህ ሰማያዊ ከየትኛው ቅጠል ተጨመቀ?» የሚል ካለ፣ ከእማማ በር ነው። ጥቁሩን ቡሬ ከአንዲት አረቄ አውጪ አገኘን፤ እዚያ ወዳጄ «ለመድኃኒት ነው» አለ፣ ሴትዮዋም ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ፍቀው ሰጡት። ጥላሸት የምትሹ ሠዓሊዎች ሆይ፣ ለመድኃኒት ነው በሉ፤ ማንም ድስት አያጥብባችሁም።