በእንሰት አገር ማካሮኒ

በሀዲያዋ ፎንቆ እንግዳ ሲመጣብን የሚያስጨንቀን የት እናሳድረው የሚለው አይደለም፤ ምን እናብላው የሚለው ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ቡታጅራንና ወራቤን አልፎ የመጣ ሰው፣ ገና ከመኪና ሲወርድ "የአገራችሁን ምግብ አብሉኝ" ይላል። ደግ ብሏል፣ ነውር የለበትም። ይዘነው እንዞራለን። ጥብስ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ዱለት አለ፣ ማካሮኒ በሥጋ አለ። እንሰቱ ከምግብ ቤቱ ጓሮ ቆሟል እንጂ ሳህን ላይ የለም። ቢበዛ ቢበዛ ክትፎ ያዘዘ ሰው ጠርዝ ላይ ሁለት ቁራጭ ቆጮ ጣል ይደረግለታል፤ እሱም "የጉራጌ ክትፎ" በሚል ስም። ከጉራጌ ጎረቤቶቻችን ጋር ጠብ የለንም፣ እነሱ መሸጡን አውቀውበታል። የሚያናድደው የእኛ ነገር ነው።

እስቲ አስቡት። እንሰት ዓመታት ተጠብቆ ነው የሚደርሰው። ሴቶቹ ተሰብስበው ይፍቁታል፣ ሥሩን ይቀጠቅጡታል፣ ቅጠል ባለበሱት ጉድጓድ ይቀብሩታል፤ ተጨምቆ ከወጣው ውሃ ሥር የሚዘቅጠው ነጩ ደግሞ ቡላ ይሆናል። አተካና የሚሠራው ከዚህ ቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ ነው። በዘመን መለወጫችን በያሆዴ ሰሞን ሀዲያ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። በማንኪያ ቆንጠር ሲያደርጉት ቅቤው ተከትሎ ክፍተቱን ይሞላዋል፤ አፍ ሲገባ ማላመጥ አይፈልግም፣ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ለዚያ በዓል ሴቶቹ ወራት ሙሉ ቅቤ ያጠራቅማሉ፣ ወንዶቹ ለበሬው ያዋጣሉ። መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ ግን "አተካና የት ይሸጣል?" ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው ስቆባችሁ ያልፋል። "እሱማ ቤት ነው የሚበላው!" ይላችኋል። እሺ፣ ዘመድ የሌለው እንግዳስ? ቤት ያለንስ ብንሆን፣ በአዘቦት ቀን ያን ሁሉ ቅቤ ማን ያፈሳል?

ሆሳዕና ውጡ ይሉናል። እንወጣለን። በ2015 መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና ዋና ከተማው ከሆነች ወዲህ ስብሰባው በዛ፣ አበል የያዘ ተሰብሳቢ በዛ። ከደቡብ አፍሪካ ወንድሞቻችን በሚልኩት ገንዘብ በተሠራው ፎቅ ሥር ሁሉ ካፌ ተከፈተ። ዱራሜም ብትወርዱ ነገሩ ያው ነው። ታፔላውን ሳያዩ የገባ ሰው ግን ከየትኛው ካፌ እንደተቀመጠ አይለይም። ያው የፕላስቲክ ቄጤማ፣ ያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኳስ፣ ያው ሰው የማያነጋግር ስፒከር። አንዱ መዝሙር፣ ጎረቤቱ ዘፈን ይለቃል፤ መሀል የተቀመጥነው ሁለቱንም አንሰማም። "እባክህ ወንድሜ፣ ዝቅ አድርግልን" ስንለው ልጁ ክፋት የለውም፣ ዝቅ ያደርጋል። የማኪያቷችንን ስኳር አማስለን ሳንጨርስ ተመልሶ ይጮኻል።

"ምን አለ?"

"ሁሉም አለ።"

"የቡላ ገንፎ?"

"እሱ የለም።"

"ጎመን በአይብ?"

"አይቡ ዛሬ አልመጣም።"

"ታዲያ ምን አለ?"

"ሁሉም አለ።"

ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ በዋጋው ላይ ወረቀት፣ በወረቀቱ ላይ ሌላ ወረቀት እየተለጠፈ ሜኑው ወፍሯል። የከሳው ሳህኑ ነው። እጅ ለመታጠብ ስትሄዱ ክዳኑ በምስማር የተበሳ የውሃ ፕላስቲክ ታገኛላችሁ። ውስጡ ያለው አንድ ቀን ፈሳሽ ሳሙና ነበር፤ ባለቀ ቁጥር ውሃ ሲጨመርበት ከርሞ አሁን ቀለሙ ብቻ ቀርቷል። ታጥባችሁ ስትመለሱ የሚሰጣችሁ ሶፍት ለአራት የተቆረጠ ነው፣ ጣት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። መንገደኛማ የባሰበት ነው። ሹፌሩ ለምሳ የሚያቆመው እሱና ረዳቱ በነፃ የሚበሉበት ቤት ነው፤ የእነሱን ሂሳብ እኛ በወጡ ላይ እንከፍላለን። መልስ ሲጠየቅ ዝርዝር የለም፣ ቴሌብር ሲባል ኔትወርክ የለም።

እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬም ደስ ብሎን የምንቀመጠው ላስቲክ ወጥራ ጀበና የጣደችው ልጅ ጋ ነው። ስም የላት፣ ታፔላ የላት፤ "እሷ ጋ እንገናኝ" እንባባላለን፣ ማንም ቦታውን አይስትም። በርጩማው ጉልበትን ከአገጭ ያገናኛል። ጭሱ ዓይን ይገባል። ክረምት ላይ ላስቲኩ ያቆረውን ውሃ ድንገት ጀርባችን ላይ ይዘረግፈዋል፣ እሷም "ውይ! ይቅርታ ጋሼ" ብላ ሁለተኛውን ስኒ ትቀዳለች። ቡናው ግን ቡና ነው፣ ወሬውም ይሰማል። ይህቺንም አላስቀመጧትም፤ ደንብ አስከባሪ መጥቶ "አንሺ" ይላታል፣ ታነሳለች፣ ሳምንት ሳይሞላ ከአስፋልቱ ማዶ እናገኛታለን። እሷን ፍለጋ መዞርም የኛ ሥራ ሆኗል።

አንዳንዴ ቡናችንን ይዘን "አተካና ቤት የሚከፍት አንድ ሰው ይጥፋ?" እንባባላለን። አይጠፋም፣ አንድ ገንዘብ ያለው ሰው ይከፍተው ይሆናል። ግን ከአሁኑ አውቀዋለሁ። ቅቤውን በዘይት ያቀጥነዋል፣ ሜኑው ላይ "ስፔሻል አተካና" ብሎ ይጽፈዋል፣ እንግዳችንን ይዘን ስንሄድ አስተናጋጁ "አልቋል፣ ማካሮኒ ልታዘዝ?" ይለናል። ይህንንም የሚለን ጮሆ ነው፤ ስፒከሩ ከመክፈቻው ዋዜማ ጀምሮ ተሰክቶ ይቆየናላ።