ለመንገደኛ ስለሚሰጥ ምክር፦ አጭር ጥናት

ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ከፓስፖርት፣ ከቪዛና ከትኬት ሌላ አራተኛ ነገር ይሰጠዋል፤ ምክር። ቪዛ ይከለከላል፣ ትኬት ይወደዳል፤ ምክር ግን ሳይጠየቅ ይመጣል። ይህ ጥናት የምክሩን ምንጭ፣ ዓይነትና ጥቅም ይመረምራል። መረጃው የተሰበሰበው በሽኝት ምሽት፣ በዶሮ ወጡና በቡናው መካከል ነው።

መካሪዎች በሦስት ይመደባሉ። የመጀመሪያው ሄዶ የተመለሰ ነው፤ ትንሽ ስለሚናገር ሰሚ የለውም። ሁለተኛው እዚያ ዘመድ ያለው ነው፤ ንግግሩን ሁሉ «እህቴ እንደነገረችኝ» ብሎ ይጀምራል። ሦስተኛው ከቦሌ ተርሚናል በር አልፎ አያውቅም። የምክሩ ርዝመትና መካሪው የተጓዘው ርቀት የተገላቢጦሽ ተዛምዶ አላቸው። የሦስተኛው ምድብ አባል የሆኑ አንድ አጎት ስለ አሜሪካ ፖሊስ ጠባይ የጀመሩት ትንታኔ አቦል ላይ ተነሥቶ በረካ ላይም አላለቀም።

በይዘት ረገድ ምክሩ ሁለት ዘርፍ አለው። አንደኛው ሥነ ሥርዓት ነው። በብዙ አገር «እኔ ልክፈል» ያለ ሰው እጁን የሚይዘው የለም፤ ይከፍላል። «ብላ» ሲባል አንዴ «በቃኝ» ያለም ጦሙን ያድራል፤ የመጀመሪያው እምቢታ ለወጉ ያህል እንደሆነ የሚያውቅ እዚያ የለም። አሜሪካ ምግብ ቤት ቲፕ አለመተው ነውር ነው፤ ጃፓን ደግሞ መተዉ ግራ ያጋባል፤ አስተናጋጁ ገንዘብህን ረሳህ ብሎ ሊከተልህ ይችላል።

ሁለተኛው ዘርፍ ደህንነት ነው። እዚህ ላይ መካሪዎች ስለ ኪስ አውላቂ በሰፊው ያብራራሉ። ትኬት ላይ 02:00 የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሆኑን ግን የሚያነሣ አይገኝም፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መስሎት የሚመጣ መንገደኛ አውሮፕላኑ ከሄደ 6 ሰዓት ይሆነዋል። ትራማዶልን የመሰለ ማስታገሻ ያለ ቅድመ ፈቃድ ዱባይ ይዞ መግባት እንደሚያስከስስም የሚናገር የለም።

ሦስቱም ምድቦች በአንድ ድምፅ የሚስማሙበት ምክር አንድ ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ የሰው ዕቃ እንዳትይዝ!» የዚህ ጥናት ዋና ግኝትም ከዚሁ ምክር ጋር የተያያዘ ነው። ምክሩ ተነግሮ ገና ሳይበርድ፣ ያው መካሪ ከሶፋው ሥር ፌስታል ያወጣል። «ይቺን ብቻ፤ ለእህቴ ልጅ ናት። ምንም አትከብድም።» በኢትዮጵያ አየር መንገድ የኢኮኖሚ ትኬት ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው በተለምዶ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ 2 ሻንጣዎች ይፈቀዱለታል። እነዚህ ለበርበሬ፣ ለሽሮ፣ ለድርቆሽና ምንም ለማይከብዱ ፌስታሎች ይደለደላሉ፤ ቦታ ከተረፈ የመንገደኛው ልብስ ይገባል።

ፌስታሉ ብዙ ጊዜ በፕላስተር ተጠቅልሏል ወይም በመርፌ ተሰፍቷል። ውስጡ ምን እንዳለ መጠየቅ ባለ ዕቃውን መጠርጠር ስለሚመስል መንገደኛው ዝም ብሎ ይቀበላል። ሲደርስ የጉምሩክ ሠራተኛው «ሻንጣውን ያሰናዳኸው ራስህ ነህ?» ይለዋል። ቋንጣ ከሆነ አሜሪካ አያስገባም፤ ይወረሳል። ጫት ከሆነ ነገሩ ይከፋል፦ አሜሪካ ክልክል ነው፣ ብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2014 አግዳዋለች። «የሰው ነው፣ አላየሁትም» የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሻንጣው ላይ የተለጠፈው ስም ግን የመንገደኛው ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ጥናቱ የሚደርስበት ድምዳሜ ይህ ነው፦ መንገደኛን ከሁሉ በላይ ለአደጋ የሚያጋልጠው ሳሎን ውስጥ የሚጀምረው ይሉኝታ ነው። በባዕድ አገር ስላለው ሌባ ሌሊቱን ሙሉ የሚመክር ቤተሰብ ስለዚህኛው አንድ ቃል አይተነፍስም፤ ፌስታሉ የራሱ ነውና።

ስለዚህ ለመንገደኛው የሚቀርበው ምክረ ሐሳብ አጭር ነው። የተሰጠህን ዕቃ ባለቤቱ ፊት ፍታው፣ እየው፣ የማታውቀውን መልስ። ባለ ዕቃው ቢቀየም ይቀየም። ቂም በሽማግሌ ይፈታል፤ ጉምሩክ ሽማግሌ አይቀበልም።