ስንት ሜጋ ነህ?

ጆሃንስበርግ ላለን ኢትዮጵያውያን ዘመኑ አዲስ ማዕረግ አምጥቶልናል። ድሮ ሰው በአባቱ ስምና በርስቱ ይታወቅ ነበር። እዚህ ከመጣን በኋላ ደግሞ በሱቁ ስፋት፣ በመኪናው ሞዴል፣ ሎኬሽን በምንላቸው የጥቁሮች ሰፈሮች ውስጥ በከፈታቸው ሱቆች ብዛት ተመዘነ። አሁን ያ ሁሉ ቀርቶ ክብር በሜጋ ሆኗል። ጄፒ ጎዳና ላይ ቡና ሊጠጣ የተቀመጠ ሰው የእግዜር ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ ስልኩን አውጥቶ የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያውን ይከፍታል። ቀስቷ ትርገበገባለች፣ ቁጥሯ ትወጣለች፣ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። "የኔ ቤት 200 ነው፤ አንተ ስንት ሜጋ ነህ?" ይባላል። "25" ብሎ የመለሰ ምስኪን ሂሳቡን ከፍሎ ሹልክ ይላል።

በዚህ መሀል ከዊትስ ወይም ከጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ተማሪ ከተገኘ ጨዋታው ይገለበጣል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሲያዳምጥ ይቆይና መጨረሻ ላይ ግቢ ውስጥ የለካውን ፎቶ ከስልኩ ፈልጎ ያወጣል። 600! ዳውንሎዱም አፕሎዱም እኩል! ባለ 200ው ፊቱ ይገረጣል። ታላላቆቹ "እንዲህ ነው እንጂ መማር!" ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ልጁ ባለፈው ሴሚስተር በስንት ኮርስ እንደወደቀ የሚጠይቅ የለም።

ይህን ልማድ የሚነቅፉ ምቀኞች አሉ። እኔ በበኩሌ በሕግ ይጽና ባይ ነኝ። ሽማግሌ ሲላክ "ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሠርቶ አዳሪ ነው፣ ፋይበርም ገብቶለታል" ተብሎ ይጀመር። የልጅቷ ወገኖችም "ዳውንሎዱንስ ሰማን፤ አፕሎዱ ስንት ነው?" ብለው በወጉ ይመርምሩ። የዕቁብ ሰብሳቢ በሜጋው ይመረጥ። ለቅሶ ቤት የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ከተወለደበት ቀበሌ ቀጥሎ ያገኘው ከፍተኛ ፍጥነት ይጠቀስ፤ ሐዘንተኛውም የሚያለቅስበትን ልክ ይወቅ።

ለነገሩ ይህች አገር በፍጥነት ውድድር የቆየ ታሪክ አላት። (ዘመኑን በፈረንጅ እቆጥራለሁ፤ ሜጋውም የፈረንጅ ነው።) የስልክ ኩባንያው ቴልኮም ኤዲኤስኤል የሚባለውን የመዳብ መስመር በ2002 ለገበያ ሲያቀርብ ፍጥነቱ 512 ኪሎቢት፣ የወሩ ራሽን 3 ጊጋባይት ነበር። በ2009 ክዋዙሉ ናታል ውስጥ ያለ አንድ ድርጅት በዚህ መስመር ቢማረር ዊንስተን የምትባል እርግብ አስመጣ። እግሯ ላይ 4 ጊጋባይት የያዘች ካርድ አሰሩና ከሆዊክ ወደ ሂልክረስት ለቀቋት፤ ያንኑ መረጃ ጎን ለጎን በኤዲኤስኤል መላክ ጀመሩ። እርግቧ 80 ኪሎ ሜትር ያህሉን በ1 ሰዓት ከ8 ደቂቃ በረረች። ካርዱ ተነቅሎ መረጃው ኮምፒውተር ላይ እስኪገለበጥ ሁለት ሰዓት አለፈ። በዚያን ጊዜ መስመሩ ያደረሰው ከመቶ አራት እጅ ነበር። ሲኮም የተባለው የባሕር ኬብል ደቡብ አፍሪካን ከዓለም ጋር ካገናኘ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። እኔን ከታሪኩ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ያ ድርጅት መጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ ነው፤ "ስንት ሜጋ ነን?" አላለም፤ "ፋይሉ መቼ ይደርሳል?" ነው ያለው። ኋላ ቀር ሰዎች!

ፋይበር በየቤቱ መግባት የጀመረው በ2014 ፓርክኸርስት ሰፈር ነው። ነዋሪዎቹ ተሰብስበው፣ ጨረታ አውጥተው ቩማቴል የተባለውን ኩባንያ መንገዳቸውን አስቆፈሩት። ከዚያ ቁፋሮው ሰፈር ለሰፈር ተዛምቶ ቤዝ ቫሊና ኬንሲንግተን ያለን ሰዎችም ደረሰን። የኛ ሰው ፋይበሩን ያስገባ ቀን መጀመሪያ የከፈተው ፊልም ወይም መዝሙር እንዳይመስላችሁ፤ ስፒድ ቴስት ነው። ሁለተኛም ስፒድ ቴስት ነው። ማታ ሚስቱ ድራማ ልታይ ስትል "ቆይ አትክፈቺው፣ ቁጥሩን ታወርጂብኛለሽ" ይላታል።

እንግዲህ ይህ የምንሳለመው ቁጥር ምንድን ነው? በመጀመሪያ 200 ሜጋ የሚባለው ሜጋቢት ነው። ፋይል የሚመዘነው በባይት ስለሆነ ለስምንት ሲካፈል 25 ይሆናል። ሻጩ ትልቁን ቁጥር ለምን እንደመረጠ ልንወቅሰው አይገባም፤ እኛም ብንሆን 25 ተብሎ ቢሸጥልን አንገዛም ነበር። ቀጥሎ ደግሞ መለኪያው ራሱ መልካም ጠባይ አለው። ሲከፈት ቅርብ ያለውን ሰርቨር ይመርጣል። ለጆሃንስበርግ ሰው ቅርቡ በአብዛኛው ኢሳንዶና አካባቢው ነው፤ ከኦ.አር. ታምቦ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ማለት ነው። የቴራኮ ግዙፍ የመረጃ ማዕከል እዚያ ነው፤ የኢንተርኔት ኩባንያዎች መስመር የሚለዋወጡበት ናፕአፍሪካም ከ2012 ጀምሮ የሚሠራው እዚያው ነው። ስለዚህ ወንድሜ "200 ነኝ" ሲል እየነገረን ያለው ከሳሎኑ እስከ ኢሳንዶ ያለውን መንገድ ነው። መንገዱ ጥሩ ነው፤ አልካድኩም። ግን እናቱ ኢሳንዶ አትኖርም።

እናቱ ሆሳዕና ናት፤ ወይም ደሴ፣ ወይም አዲግራት። ከዚህ እሷ ዘንድ የሚሄደው ድምፅ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ብዙ ጊዜም አውሮፓን ዞሮ ነው አፍሪካ የሚመለሰው። በማርች 2024 አጋማሽ ኮትዲቯር ባሕር ዳርቻ ላይ ዋክስና ሳት-3ን ጨምሮ አራት ኬብሎች ተጎድተው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የብዙ መሥሪያ ቤት ሥራ ሲጓተት፣ ኢሳንዶ ድረስ የሚለካ ሰው ግን በቁጥሩ የሚያፍርበት ምክንያት አልነበረም። ኢሳንዶ ባሕር ማዶ አይደለችማ! ዓለም ተቋርጦበት ቁጥሩ ያልተነካበት ሰው ጌታ ካልተባለ ማን ይባላል? ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ለዚህ ዓይነቱ ሰው አይሠራም፤ እሱ ላሟን በየማለዳው ይለካታል።

ወደ ግቢው ልጅ እንመለስ፤ ለሱ ያለኝ አድናቆት ይበልጣል። የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከቤት ኢንተርኔት የተለየ የራሳቸው መስመር አላቸው። ሳንሬን ይባላል፤ የአገሪቱ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት የዘረጋው ነው፤ አገልግሎቱን ለዩኒቨርሲቲዎቹ የሚያደርሰው ደግሞ በ2000 የተቋቋመው ቴኔት ነው። የጀርባ አጥንቱ ከ10 ጊጋቢት ጀምሮ የሚቆጠር ነው። ከከተማችን በስተሰሜን ምዕራብ ሀርትቢስትሁክ ያለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ባሕር ማዶ ካሉ ቴሌስኮፖች ጋር የሰማዩን መረጃ የሚለዋወጠው በዚህ አውታር ነው። ከዋክብት እንዲመረመሩበት በተዘረጋው በዚህ መስመር ላይ ነው ልጃችን የአክስቱን ልጅ የሰርግ ቪዲዮ የሚያወርደው። እሱም ምርምር ነው፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ።

ዊትስ ብቻ 40 ሺህ ገደማ ተማሪ አለው። ልጃችን የሚለካው ግን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሌክቸር ወጥቶ ያ ሁሉ ሕዝብ ስልኩን ሲከፍት አይደለም። ማለዳ ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ ሲሆን፣ ከራውተሩ ሥር ቆሞ ነው። የቤቱን ደግሞ ማታ፣ አምስት ሰው በሚጋራው ክፍል፣ ከሁለት ግድግዳ ወዲያ ተኝቶ ይለካና "አየህ፣ የግቢው ሃያ እጥፍ ነው" ይላል። ሁለቱን እንዲህ ማነጻጸር ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ያ 600 ሜጋ የሱ አይደለም፤ ዲግሪውን የያዘ ቀን የይለፍ ቃሉ ይዘጋል። የሰው ወርቅ አያደምቅም ያሉት አበው ዋይፋይ ሳይገባላቸው ነው።

ግቢው ምን ያህል የሱ እንደሆነ በ2020 ታይቷል። በማርች መጨረሻ አገሩ በኮሮና ሲዘጋ ተማሪው ወደየቤቱ ተላከ፤ 10 ጊጋቢቱ መስመር ግቢ ቀረ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ከስልክ ኩባንያዎች ጋር ተነጋግረው ለተማሪ በወር 30 ጊጋባይት አደሉ፤ 10ሩ ቀን የሚሠራ፣ 20ው ሌሊት። ይኸውም ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት መሆኑ ነው። የሌክቸር ቪዲዮ ማየት የፈለገ ማንቂያ ደወል ሞልቶ ይተኛ ነበር። ይህን የወር ቀለብ በዚያ በሚፎክርበት የ10 ጊጋ መስመር ብናሰላው በ24 ሰከንድ ያልቃል። አንድም ሰው በእነዚያ ወራት "ስንት ሜጋ ነህ?" ሲል አልሰማሁም። ጥያቄው "ስንት ቀረህ?" ሆኖ ነበር። ውድድሩ በዚህ ምክንያት ለጊዜው ቢዳከምም እግዚአብሔር ይመስገን በኋላ አንሰራርቷል።

በ2023ስ? መብራት ከጠፋባቸው ዓመታት ሁሉ ያን ዓመት የሚያህል የለም፤ የመብራት ፈረቃው ስቴጅ 6 ሲባል ሁላችንም፣ ባለ 25ውም ባለ 200ውም፣ ዜሮ ሜጋ ሆነን እኩል ተቀመጥን። አንዳንዱ ባትሪ ገዝቶ ራውተሩን ብቻ አስነሳ። ቤቱ ጨለማ፣ ፍሪጁ ቀልጦ፣ እሱ ግን በሻማ ብርሃን እየለካ "እንደምታዩኝ አልወረድኩም" ይል ነበር። 

ስለ ሳተላይት ኢንተርኔቱ ስለ ስታርሊንክም በአጭሩ እናውጋ። ባለቤቱ ፕሪቶሪያ የተወለደ ሰው ነው፤ ሌሴቶና ሞዛምቢክ ፈቅደውለታል፤ የትውልድ አገሩ ግን የጥቁሮች ባለቤትነት ሕጓን አልተቀበልክም ብላ ደጅ አስጠንታዋለች። ሕጋዊ ፈቃድ የለውምና ጎረቤት አገር አስመዝግቦ ዲሹን ጣሪያ ላይ የሰቀለ ሰው ቁጥሩን የሚናገረው በሹክሹክታ ነው። ማዕረጉ ስለዚህ ከሁሉም ይበልጣል።

አሁን ወደማይሳቅበት ልምጣ። ጥሪ የሚሮጠው በዘገየው ወገን ልክ ነው። እዚህ 200 ብሆን፣ እዚያ 1 ከሆነ ሁለታችንም 1 ነን። እዚያ ዜሮ ከሆነ ዜሮ ነን። ትግራይ ውስጥ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል፣ አማራ ክልል ውስጥ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለብዙ ወራት መስመሩ ሲዘጋ፣ በዚህች ከተማ ከፋይበሩ ሥር ተቀምጦ እናቱ በሕይወት መኖሯን የሚጠይቅበት መንገድ ያጣ ሰው ብዙ ነበር። ራውተሩ አረንጓዴ መብራቱን እያበራ ነበር። ስለዚያ ዜሮ ጄፒ ላይ ስልክ አውጥቶ "እዩልኝ" ያለ አልነበረም። ፎቶ የማይነሳ ቁጥር ነዋ! ያኔ በየቀኑ የተወዳደርነው ሜጋ ሁሉ ተደምሮ አንድ "እንደምን አደርሽ" አላሻገረም።

ይህን ስል "አንተ ሜጋህ አንሶብህ ነው" የሚለኝ አይጠፋም። ይበል። ግን ልኬቱን ካልተወ ሂሳቡን ይወቅ። ፋይበር የሌለው፣ ዳታ እየሞላ የሚለካ ወጣት ብዙ ነው። የውድድር ኮሚሽኑ በ2019 መጨረሻ ባደረገው ጫና የቮዳኮም 1 ጊጋባይት የወር ጥቅል በኤፕሪል 2020 ከ149 ራንድ ወደ 99 ወርዷል። በዚያ ዋጋ እናስላ። በ100 ሜጋቢት ኔትወርክ ላይ ዳውንሎዱን ብቻ ለ10 ሰከንድ መለካት 125 ሜጋባይት ይበላል፤ 12 ራንድ ያህል መሆኑ ነው። ስምንት ጊዜ የፎከረ ጊጋውን ጨረሰ። ያው 125 ሜጋባይት በኢሞም ሆነ በዋትሳፕ፣ በድምፅ ብቻ፣ እናትህን ከሁለት ሰዓት በላይ ያስወራሃል፤ እሷም ስንት ሜጋ እንደሆንክ አትጠይቅህም።