ለብዥታ ጥብቅና

የከተማችንን የሐሙሲትን ኮምፒውተሮች አይከን ካላጠራን የሚሉ ወጣቶች በርክተዋል። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን ማንም ሳይመክርበት እጃቸውን ከመሰንዘራቸው በፊት፣ ስለ ደብዛዛው አይከን አንድ ሰው እንኳ ቆሞ ሊናገርለት ይገባል። ለወንበዴም ጠበቃ ይቆምለታል። ማንንም ላልዘረፈ አይከን የማይቆምበት ምክንያት አልታየኝም።

በመጀመሪያ ተከሳሹን እንወቀው። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው አስፋልት ዳር ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ይግቡ። አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር፣ ከሥሩ ድምፁን የሚያሰማ ስታቢላይዘር፣ ከጎኑ ፕሪንተር ያገኛሉ። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ነገር አለ፤ ዎርድ ነው። አረንጓዴው ኤክሴል፣ ቀዩ ፒዲኤፍ፣ ቢጫዎቹ ፎልደሮች ናቸው። ዳር ዳራቸው ሟሙቷል፤ ፊደላቸው ከጀርባቸው ጋር ተቀላቅሏል። ከቀለሙ በላይ ምን ይፈለጋል? ጸሐፊዋ ዎርድን የምትከፍተው ላዩ ላይ ያለውን ፊደል አንብባ አይደለም። ከላይ ሁለተኛው እንደሆነ ታውቃለች፤ ዓይኗን ጨፍናም ታገኘዋለች። ጥራት የሚያስፈልገው ለእንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ የሰው ኮምፒውተር መንካት የለበትም።

የከሳሾችን ማስረጃ ሳላዛባ አቀርባለሁ። እንደ እነሱ አባባል የብዥታው ሥር ፎርማት ነው። ኮምፒውተሩ ዘገየ ይባላል፣ ፎርማት ይደረጋል፣ ዊንዶውስ ይጫናል፤ የስክሪን ካርዱ ድራይቨር ግን ሳይጫን ይቀራል። በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ ለሁሉም የሚሆን መሠረታዊ ድራይቨር ያስገባና ብዙ ጊዜ ሪዞሉሽኑን 1024 በ768 ላይ ያቆመዋል። ሞኒተሩ ግን የተሠራው በ1366 በ768 ነጥብ ነው። ይባዛ ቢባል፣ ሞኒተሩ 1,049,088 ነጥብ አለው፤ የሚደርሰው ምስል 786,432 ነጥብ ብቻ ነው። 262,656 ነጥብ ጎደለ ማለት ነው። ጉድለቱ የሚሸፈነው በመዋጮ ነው፤ ቀለም ያልደረሰው ነጥብ ከግራና ከቀኝ ጎረቤቱ ትንሽ ትንሽ ተዋጥቶለት ይቆማል። የከሳሾቹ ሙሉ ክስ ይኸው ነው፤ ኮምፒውተሩ ያለውን ለሌለው አካፈለ። እኔ በበኩሌ ይህ በእኛ አገር ከመቼ ጀምሮ ጥፋት እንደሆነ እንዲነገረኝ እጠይቃለሁ።

ልብ በሉ፣ ቁመቱ 768 ነበር፣ 768 ሆኖ ቀርቷል። የተለጠጠው ወርዱ ብቻ ነው፤ ያውም ወደ ሲሶ ገደማ። የዚህ ውጤት ትልቅ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጽሕፈት ቤቱ ጉርድ ፎቶም ያነሳል። ሰው ፎቶውን ተነስቶ ከጸሐፊዋ ትከሻ በላይ ወደ ስክሪኑ ሲያይ፣ ፊቱ ሲሶ ያህል ሰፍቶ፣ ጉንጩ ሞልቶ፣ ትከሻው ተዘርግቶ ያገኘዋል። እንዴት ያለ ምቾት ነው! መንገድ ላይ የተገናኘ ዘመድ ተሽቀዳድሞ «ወፍረሃል፣ ተስማምቶሃል» የሚልበት አገር ነው ያለነው፤ ኮምፒውተሩ ይህን ደግ ቃል ለማንም ሳያዳላ ይናገራል። በሽታ የበላውን ያሽረዋል፣ ሐሳብ ያከሳውን ይጠግነዋል። ወረቀቱ ላይ ግን ፎቶው በትክክለኛ መጠኑ ይወጣል፤ ሪዞሉሽን ስክሪኑን እንጂ ኅትመቱን አይነካምና። ስለዚህ ደንበኛው የሚወቅሰው ፕሪንተሩን ነው። «ቀለም አንሷታል፤ ሰው ታከሳለች» ይላል። ይህ ወቀሳ ቀለም በተቀየረ ቁጥር እየተነሳ ይወድቃል፤ ስክሪኑን የጠረጠረ ደንበኛ ግን አላየሁም።

ሁለተኛው ውጤት ማኅተም ነው። ወርዱ ብቻ የተለጠጠ ክብ ሞላላ ይሆናል። ስሙን በማልጠራው አንድ ቢሮ፣ ስካን የተደረጉ ደብዳቤዎች ሁሉ እንዲህ ባለ ስክሪን ላይ በሞላላ ማኅተም ሲነበቡ ኖረዋል። ኀላፊው ትክክለኛ ማኅተም ምን እንደሚመስል በልባቸው ቀርጸው ይዘዋል፤ እንደ ዕንቁላል የሞለለ፣ ዙሪያው የሟሟ፣ ፊደሉ ግማሹ የሚነበብ ግማሹ የሚገመት። አንድ ቀን አንድ ትጉህ ልጅ ሪዞሉሽኑን አስተካከለ። በማግስቱ የተከፈተው ደብዳቤ ፍጹም ክብና ፊደሉ ሁሉ የሚነበብ ማኅተም ይዞ ታየ። ኀላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ደግመው አዩ። «ይህ ፎርጅድ ነው» አሉ። ደብዳቤው እንዲጣራ ወደ መጣበት ተመለሰ፤ ልጁም እንዲያ ያለ ነገር ዳግም እንዳይነካ በቃል ተነገረው።

ከኀላፊው ጋር አልከራከርም። የወረቀት ሥራችንን አስተውሉ። የታመነ ፊርማ የማይነበብ ፊርማ ነው፤ ስሙን አጥርቶ የሚፈርም ሰው ገና ሥራ የጀመረ ይመስላል። ከኮፒ ላይ ኮፒ የተደረገ፣ ኮፒውም እንደገና ኮፒ የተደረገ የትምህርት ማስረጃ የብዙ ቢሮ ደጅ እንደረገጠ ከመልኩ ይታወቃል። ጥርት ብሎ የመጣ ወረቀት «ዋናውን አምጣ» ይባላል፤ ደብዝዞ የመጣውን ደግሞ ማን አንብቦት ይጠይቃል?

ወደ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ልመለስ። ሐሙስ ገበያ ነው። እህል የሸጠ፣ በሬ የገዛ፣ የድንበር ክርክር ያለበት ሁሉ ወደ ከተማ ይመጣል፤ የክስ ማመልከቻውንም፣ የመልስ ጽሑፉንም ያስጽፋል። ሁለት ባላንጣዎች በአንድ ወሰን ተካሰው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወንበር ተራ በተራ ተቀምጠው ለአንዲት ጸሐፊ ነገራቸውን ይዘረግፋሉ። የከሳሽም የተከሳሽም ፋይል አንድ ዴስክቶፕ ላይ ጎን ለጎን ያድራል። አይከኖቹና ከሥራቸው ያሉት ስሞች ጥርት ብለው ቢታዩ ሐሙሲት በሰላም ያድር ነበር? ደግነቱ፣ ከጀርባ ቆሞ ለሚያይ ሰው የሚታየው ቢጫ ነገር ብቻ ነው። በአካባቢያችን ያሉትን የጣና ገዳማት ያየ ሰው የከበረ ሥዕል መጋረጃ እንዳለው ያውቃል፤ ሁሉም ነገር ለሁሉም ሰው፣ በሁሉም ሰዓት አይገለጥም። የመረጃ ደኅንነት ባለሙያዎች ፓስወርድ የሚሉት ነገር አለ። ፓስወርድ ይረሳል፤ ብዥታ ግን አይረሳም።

ከሳሾች እዚህ ሲደርሱ ታሪክ ይጠቅሳሉ። በ1976 ዓ.ም. ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ሲወጣ፣ አይከኖቹን የሳለችው ሱዛን ኬር በ32 በ32 ቤት፣ ማለትም በ1,024 ነጥብ ብቻ፣ ያውም በጥቁርና ነጭ፣ ማንም የሚለየው የቆሻሻ ቅርጫትና ፈገግ ያለ ኮምፒውተር ሠርታለች ይሉናል። እውነት ነው፤ ሴትዮዋ ባለሙያ ናት። ግን ከጥራት የምናተርፈው ምንድን ነው? «ሴቭ» የሚለውን ምልክት ውሰዱ። ፍሎፒ ዲስክ ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ከሚማሩት የከተማችን ልጆች ፍሎፒ በእጁ የያዘ ስንት ይገኛል? ምልክቱ ጥርት ብሎ ቢታይ ይህ ምንድን ነው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ አስተማሪውም ትምህርቱን አቁሞ ከእሱ ዕድሜ በላይ የቆየ ዕቃ ሊያስረዳ ነው። በብዥታው ውስጥ ግን ሰማያዊ ካሬ ነው። ይጫኑታል፤ ይቀመጣል።

ሌላም ክስ አለ። ድራይቨሩ ሙሉ ሆኖ አይከኑ ብቻ ሲደበዝዝ፣ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ጣት ነው ይላሉ። ኮንትሮልን ተጭኖ የማውሱን ጎማ ወደፊት የገፋ ሰው የዴስክቶፕ አይከኖችን ያገዝፋል። ፕሮግራሙ የቆየ ከሆነና በውስጡ ያለው ሥዕል 32 በ32 ብቻ ከሆነ፣ 96 በ96 ሁን ሲባል እያንዳንዱ ነጥብ የ9 ነጥብ ቦታ መሸፈን ይኖርበታል። ያን ጊዜ ቢደበዝዝ ይፈረድበታል? አቅሙ ሳይለካ ከማዕረግ ማዕረግ ያሳደጉት ማንም ቢሆን እንዲያው ነው የሚሆነው፤ ግን ስለ አይከን እየተናገርኩ ስለሆነ አላሰፋውም።

ኬብሉንም ይከስሱታል። ሰማያዊ ራስ ያለው የቪጂኤ ኬብል ዘሩ ኢሕዲሪ በታወጀበት በ1979 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ 15 ፒን አለው። ሞኒተሩ ማንነቱንና ልኩን ለኮምፒውተሩ የሚነግርባቸው ፒኖች ጥቂቶቹ ናቸው። እነሱ ከተጣመሙ ሥዕሉ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ ግን ፊት ለፊቱ ያለው ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ስለዚህ ለማያውቀው ሰው የሚሰጠውን ዝቅተኛ ሪዞሉሽን ይሰጠዋል። ኬብሉ ከኋላ በታጠፈ ካርቶን ተደግፎ «አይነካ» ተብሎ ተጽፎበታል። ይህን ጽሑፍ አክብሩ። ከሱ ሌላ በዚያ ቤት ጥርት ብሎ የሚነበብ ነገር የለም።

አሁን ዋናው መከላከያዬ ላይ ደረስኩ፤ እሱም ኢኮኖሚ ነው። አንድ ወጣት ቴክኒሽያን ወደ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት መጥቶ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም» ሲል ሰማሁት።

«ሦስት ደቂቃ?» አሉት።

«ሦስት ደቂቃ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለሦስት ደቂቃ ምን ብዬ ነው የምከፍልህ?»

ልጁ መልስ አልነበረውም፤ ዓለምም የለውም። ፎርማት ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ፍላሽ ይገባል፣ መቶኛው ይቆጠራል፣ መብራት ሲሄድ እንደገና ይጀመራል፣ ቡና ይጠጣል፣ ፋይል ይጠፋል። የታየ ድካም ስለሆነ ያለ ክርክር ይከፈልበታል። በዚህ አካባቢ ቴክኖሎጂ በሦስት ደቂቃ አልተጀመረም። ከዚህ አልፎ ወረታ ላይ ወደ ቀኝ የታጠፈ መንገደኛ ደብረ ታቦር ይደርሳል፤ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓ ሚሲዮናውያን እጅ ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚያ ነው፤ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ መድፍ። መድፉ ከዚያ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ለወራት ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. ደረሰ። አንድ ሰው መጥቶ «ጃንሆይ፣ ይሄ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም» ብሏቸው ቢሆን ኖሮ ምን ይደርስበት እንደነበር አንባቢ ያስበው።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። የዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ዲስፕሌይ ሴቲንግ የሚለውን አትክፈቱ። ብትከፍቱት እንኳ በሪዞሉሽኑ ዝርዝር ውስጥ ሪኮመንድድ ተብሎ የተጻፈበትን ቁጥር አትምረጡ፤ ክቡ ክብ ይሆናል። ስኬል ከ100 ወይም ከ125 ውጪ በእጅ የተጻፈ እንግዳ ቁጥር ካለበት እንዳለ ተዉት። ቁጥሩ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ የስክሪን ካርዱን ስም አንብባችሁ ከሠሪው ድራይቨሩን አውርዳችሁ እንዳትጭኑ አደራ። ኮንትሮልን ተጭናችሁ የማውሱን ጎማ ወደ ኋላ አትሳቡ። ኬብሉን ነቅላችሁ ፒኑን አትዩ፤ በደህና ኬብልም አትተኩ።

ፎርማት ግን ይፈቀዳል።