ዳገት በችርቻሮ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤ መካነ ብርሃን፣ ጃናሞራ።

   ይህ ደብዳቤ ስለ ገንዘብ አይደለም፤ የገንዘቡን ጉዳይ እንደ ሁልጊዜው በሚቀጥለው እንነጋገርበታለን። የዛሬው ስለ ዳገት ነው። ለጃናሞራ ሰው ስለ ዳገት መጻፍ አዝማሪን ማሲንቆ እንደ ማስተማር መሆኑ አይጠፋኝም። ነገር ግን እንግሊዞች ዳገት ላይ የሚሠሩት ሥራ አለ፤ እሱን ሳላስረዳ ብቀር ባሕር ማዶ ተቀምጦ ምን ሲሠራ ኖረ ያሰኘኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ፣ ጡረታ የወጡ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሽማግሌዎች ገላቸው ላይ የተሰፋ የሚመስል ቁምጣ ለብሰው ብስክሌት ላይ ይወጣሉ። ከጧት እስከ ማታ በጠባብ የገጠር መንገድ ከኮረብታ ኮረብታ ሲዞሩ ይውሉና፣ ሲመሽ ከተነሡበት ቦታ ተመልሰው ይደርሳሉ። ያደረሱት እቃ የለም፤ የሸመቱት እህል የለም፤ የጠየቁት በሽተኛ፣ የደረሱት ለቅሶ የለም። እኛ ዘንድ እንዲህ ሲዞር የዋለ ሰው ቢታይ፣ ጥጃ ጠፍቶበት ነው ተብሎ መንደሩ አብሮት በፈለገ ነበር። እዚህ ግን የጠፋ ጥጃ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ማታ ደግሞ ቀኑን የወጡትን ዳገት በሜትር ደምረው፣ እንደ ገበያ ሒሳብ ለወዳጅ ያሳያሉ።

ይህን ሲሰሙ «ዳገት አላቸው እንዴ?» ማለትዎ አይቀርም። ጥያቄው ያስኬዳል። የእንግሊዝ ትልቁ ተራራ ስካፌል ፓይክ 978 ሜትር ነው፤ የደባርቅ ገበያ እንኳ 2,850 ሜትር ላይ ነው የሚውለው። ከለንደን በስተ ደቡብ ደግሞ ሊዝ ሂል የሚሉት 294 ሜትር ኮረብታ አላቸው። በነሱ መለኪያ 1,000 ጫማ ሊሞላ ጥቂት ቢጎድለው፣ በ1765 (ዘመኑን በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ) አንድ ባለጸጋ ጫፉ ላይ ግንብ አቆመበትና ከሺህ አሳለፈው። የጎደለ ተራራ በግንብ የሚሞላ አገር! እኛ ዘንድ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ተገትሮ የሚቀንስለት አጥቷል። ስለዚህ ቢስቁ አልፈርድም። ሳቁን ግን ትንሽ ያቆዩልኝ፤ እኔ የምለው የእንግሊዝ ዳገት ለእግር ከኛው አያንስም ነው። እኛ ዳገትን በጅምላ እንገዛለን፤ እነሱ በችርቻሮ።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሰው በዴቨን ወይም በዮርክሺር ኮረብታዎች 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ውሎ የወጣው ዳገት ቢደመር፣ ወደ 1,500 ሜትር ቢጠጋ ማንም አይደነቅም። አንዱ ኮረብታ 80 ሜትር፣ ሌላው 120፣ ሌላው 60 ነው፤ ለየብቻ ሲታዩ እረኛ እያፏጨ የሚወጣቸው ናቸው። ክፋቱ፣ ጫፍ ላይ ሲደርሱ መንገዱ ቁልቁል ያወርድና ያጠራቀሙትን ሁሉ ይቀማል፤ እንደገና ከታች መጀመር ነው። አሁን እርስዎ ከደባርቅ ይነሡ። በሳንቃበር፣ በጨነቅ አድርገው ቧሂትን ሲሻገሩ፣ ወደ መካነ ብርሃን የሚያመጣዎ መንገድ እዚያ ላይ 4,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከዚያ ላይ የደባርቅን 2,850 ይቀንሱ፤ የሚቀረው 1,350 ነው። በመሃል ያለው መውረድና መውጣት ሲጨመርበት ከፍ ይላል፤ እንዲያም ሆኖ ቁምጣ ለባሹ ሽማግሌ ቅዳሜ ዕለት ከከፈለው ብዙ አይርቅም። አንድ ኩንታል ገብስ ባንድ ጊዜ በአህያ ቢጫን፣ ወይም በቁና በቁና ቢመላለስ ያው ኩንታል ነው። ይህን ከሁሉ ይልቅ ያሳዩት በ2012 በለንደኑ ኦሎምፒክ ነው። ወንዶቹ ብስክሌተኞች ቦክስ ሂል የሚባለውን 224 ሜትር ኮረብታ ዘጠኝ ጊዜ እንዲወጡት ተደረገ። አንዱ ዙር መወጣጫው 120 ሜትር ገደማ ነውና ዘጠኙ ሲደመር ከሺህ ያልፋል። ተራራ ያጠረው ነጋዴ ያንኑ አንዱን ዘጠኝ ጊዜ ሸጠው ማለት ነው።

«ቁመቱስ ይደመር፤ እንደኛ አቀበት ግን ፊት ለፊት አይቆምም» የሚል ካለ፣ እዚህ ላይ እውነቱ ለእኛ አያደላም። የኛ የመኪና መንገድ የተጠረገው አይሱዙ ጭነቱን ይዞ እንዲወጣው ነው። ስለዚህ ይዞራል፣ ይጠመዘዛል፤ ሊማሊሞን የወረደ ሰው ኩርባ ሲቆጥር ቁጥሩ ይጠፋበታል። የእንግሊዝ ጠባብ መንገድ ግን መሐንዲስ ሳይመጣ የነበረ ነው። እግረኛው፣ ፈረሱ፣ በጉና ጋሪው ከመንደር ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ገበያ ሲመላለሱ ያወጡት ነው። አንዳንድ ቦታ የዘመናት ኮቴና የጋሪ እግር አፈሩን ፈጭቶት፣ ጎርፍ ጠርጎት፣ መንገዱ ከግራ ቀኙ እርሻ በታች ወርዶ እንደ ቦይ ይሄዳል፤ ከላይ ዛፉ ተገጣጥሞ ጣራ ይሆንለታል። ጎንና ጎኑ የቁጥቋጦ አጥር ስለሆነ ሁለት መኪና አይተላለፍበትም። ባጭሩ፣ አጎቴ፣ እኛ አቋራጭ የምንለው ነው፤ አስፋልት የፈሰሰበት አቋራጭ። አቋራጭ ደግሞ ለማንም አይራራም። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ያለው የሃርድኖት መተላለፊያ በከፋው ቦታ 30 በመቶ ይደርሳል፤ መቶ ሜትር ወደ ፊት ሲሄዱ ሠላሳ ሜትር ወደ ላይ ነው። እንዲህ ያለ መንገድ ቧሂት ላይ ቢጠረግ አይሱዙው ከነጤፉ ወደ ደባርቅ ይንሸራተት ነበር። ካርታ ሠሪው መሥሪያ ቤታቸው ኦርድናንስ ሰርቬይ በመንገዱ ላይ ቀስት ይሥላል፤ አንድ ቀስት ከ14 እስከ 20 በመቶ ላለው፣ ሁለት ቀስት ከዚያ ለሚብሰው። ብስክሌተኛው ካርታውን ዘርግቶ ሁለት ቀስት ያለበትን ይፈልጋል። ሊሸሸው አይደለም፤ ሊሄድበት ነው።

ከባዱ ሙግት አየሩ ነው። 4,200 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እንግሊዙ ዳገቱን በሙሉ ትንፋሽ ሲገዛ፣ ቧሂት ላይ ያለው ሰው በተቆረጠ ትንፋሽ ይገዛል፤ ያን ሽማግሌ ጨነቅ ላይ ብናቆመው ከጭላዳዎቹ ጋር ሣር ላይ ተቀምጦ ይውላል እንጂ ፔዳል አይረግጥም። ይህን ሳላንገራግር እቀበላለሁ። ነገር ግን ይህ ስለ እንግሊዙ ሳንባ የተሰጠ ምስክርነት ነው፤ ስለ ጃናሞራ ልጅ አይደለም። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት፣ በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ደም መርምሮ፣ ኦክስጅኑም ሄሞግሎቢኑም ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው የማይለይ ሆኖ አገኘው። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ደማቸውን በማወፈር፣ የቲቤቶቹ ደግሞ በጎደለ ኦክስጅን በመኖር ከፍታውን ሲችሉት፣ የኛዎቹ ከፍታ ላይ ያሉም አይመስሉም። ተመራማሪዎቹ ይህን የኢትዮጵያውያን ሦስተኛ መንገድ ብለውታል። ስለዚህ የአየሩን ቅናሽ እንግሊዙ ይክፈል፤ የኛ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ከፍሎ ጨርሷል።

«ብስክሌት የሜዳ ነው፤ ለባሕር ዳር ይሁን» የሚባለውም አለ። ባሕር ዳር በብስክሌት ስሟ የተጠራው ሜዳ ስለሆነች ነው ቢባል እሺ እላለሁ። ታዲያ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመጀመሪያ የተወዳደረው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ ከመቀሌ የወጣው በየትኛው ሜዳ ነው? ከ2,000 ሜትር በላይ ያለች፣ ዳገት የከበባት ከተማ ናት። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፣ ጎማ ደጋ አይወጣም የሚለውን ወሬ ያፈረሱት የእኛው ጎረቤት ናቸው። በ1847 ዓ.ም. (ይህን እንኳ በኛው ልጻፈው) ደረስጌ ማርያም ዘውድ የደፉት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር መቅደላ ድረስ በመንኮራኩር ጎትተው አወጡት። ወራት ፈጅቷል፤ ገደል መናድ፣ ጥርጊያ ማውጣት ነበረበት። ሰባት ቶን የወጣበትን አሥራ ሁለት ኪሎ ብረት አይወጣውም የሚል ሰው ያስረዳኝ። እርግጥ መልሶ የሚሞግተኝ ማስረጃ አለ፤ አልደብቀውም። ደርቭላ መርፊ የምትባል የአየርላንድ ሴት በ1963 ከአገሯ ሕንድ ድረስ በብስክሌት ሄዳለች። ይህች ሴት በ1966 መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ብስክሌቷን ትታ በቅሎ ያዘች፤ ስሜንንም ያቋረጠችው በቅሎዋን እየነዳች በእግሯ ነው። ሕንድ ድረስ ያልተለየችውን ብስክሌት ስሜን አስጣላት! ይሁን እንጂ ያስጣላት ዳገቱ አይመስለኝም፤ የሕንድን መንገድ ስትሄድም ተራራ አልጠፋባትም። በጊዜው እሷ በሄደችበት በኩል ጥርጊያ መንገድ ስላልነበረ ነው።

ወደ እውነተኛው ልዩነት የምንደርሰው እዚህ ላይ ነው፤ እሱም ኮረኮንቹ፣ ቁልቁለቱና ፍሬኑ ነው። መውጣቱን እግር ይችለዋል፤ ከቧሂት ወደ መካነ ብርሃን በጠጠር ላይ መውረዱን ግን ደካማ ፍሬን አይችለውም። ይህ እንግሊዞችንም ፈጅቷቸዋል። የብስክሌተኞች ማኅበራቸው የተቋቋመው በ1878 ሃሮጌት በምትባል የዮርክሺር ከተማ ነው፤ የኛው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል አለማየሁ እዚያው አውራጃ ሊድስ ላይ በ18 ዓመቱ ሊያርፍ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው መሆኑ ነው። ማኅበሩ ከሠራቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ በየአደገኛው ቁልቁለት አናት ላይ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ መትከል ነበር። በ1886 ደግሞ ብስክሌተኞች ተሰብስበው መንገድ ይጠገን የሚል ሌላ ማኅበር አቆሙ። መኪና ገና አገሪቱን አልረገጠም፤ ዛሬ መኪናው ጥሩንባ እየነፋ ከመንገድ የሚያስወጣቸው፣ እነሱ ጮኸው ባስጠገኑት መንገድ ላይ ነው። ውለታ ቢስነት የትም አገር አለ። መርፊ ስለ በቅሎዋ መጽሐፍ ባሳተመችበት በ1968 የወጣው ሕግ ደግሞ ብስክሌት በፈረስ መንገድ እንዲሄድ ፈቀደ፤ ነገር ግን ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ እንዲሰጥ አዘዘ። በቅሎን የሚያከብር ሕግ ስለሆነ ለእርስዎ ሳልጽፈው መቅረት አልፈለግሁም።

አንድ የሚቀር ሙግት አለ፤ እነሱ ለደስታ፣ እኛ ለኑሮ የሚለው። እውነት ነው፤ ድካም ጠፍቶባቸው ድካም ይሸምታሉ፤ ዳገቱ አናት ላይ ሻይና ኬክ የሚሸጥ ቤት ከሌለ ግማሾቹ የሚወጡም አይመስለኝም። ለጉልበት ግን 1,350 ሜትር ለኬክም ቢወጣ ለእህል ወፍጮም ቢወጣ ያው ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ችርቻሮ ገዢው ደረሰኝ ይቀበላል፤ ስንት እንደወጣ በሜትር ይመዘገብለታል፣ ቀስቱ ካርታው ላይ ይሠራለታል፣ ሰሌዳው ይተከልለታል። ማገዶ ተሸክማ ገደል ለገደል የምትመላለሰው የጃናሞራ ሴት በሳምንት ስንት ሜትር እንደምትወጣ ግን የደመረላት የለም። ጅምላ ገዢ ሆና ደረሰኝ የላትም።

ስለዚህ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። በገንዘብ ፈንታ ብስክሌት ሊልክ ነው ብለው አይስጉ። ከደባርቅ የሚመጣው የአይሱዙ ሾፌር እናንተ ዘንድ ሲያድር፣ ከጨነቅ እስከ ቧሂት የትኛው ኩርባ ላይ አንደኛ ማርሽ እንደሚያስገባ አንድ በአንድ ይጠይቁልኝ። የኩርባዎቹን ስም የአገሩ ሰው እንደሚጠራቸው ልጆቹ ወረቀት ላይ ይጻፉልኝ። አንደኛ ማርሽ ለሚያስገባበት አንድ ቀስት፣ ረዳቱ ታኮ ይዞ ለሚወርድበት ሁለት ቀስት አድርጉ። በቅሎዋን ሳሙልኝ፤ ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቡልኝ።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ፣ ከእንግሊዝ አገር።