ቡና ምን በድሎ?

ልጄ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ትጨርሳለች። ባለፈው እሑድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ላፕቶፗን ታቅፋ፣ “አባዬ፣ ኮሌጁ ከእሴቶቼ ጋር መሄድ አለበት” አለችኝ።

እሴት! እኔ ዓለማያ የገባሁት ምደባ ሲወጣ ስሜ እዚያ ስለተገኘ ነው። “ፖለቲካህ ከዓለማያ ጋር ይስማማል ወይ?” ያለኝ የለም። እናቴ በሶና ቆሎ ቋጠረችልኝ፣ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ፣ አለቀ።

የልጄ አንደኛ ምርጫ ኦሃዮ ያለው ኦበርሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 ጥቁሮችን መቀበል የጀመረ፣ በ1837 ደግሞ ሴቶችን ለዲግሪ ያስገባ። “ጀግና ኮሌጅ!” አልኩ። የዓመቱ ወጪ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ መሆኑን ስሰማ ግን ይህ በኡበር ስንት የኤርፖርት ምልልስ እንደሚሆን በልቤ ማስላት ጀመርኩ። ስሌቱ ሳያልቅ አቦሉ ቀዘቀዘብኝ።

ለወጉ ያህል የወግ አጥባቂዎቹንም አየን። ሚሺጋን ያለው ሂልስዴል ከፌዴራል መንግሥት ሳንቲም አይነካም፤ የተማሪ ድጎማውን እንኳ። የፌዴራል ድጎማ መጠየቂያው ፋፍሳ የማይሠራበት መርህ የእኔ መርህ አይደለም፤ አለፍነው።

ከዚያ ዩታ፣ የሞርሞኖቹ ብሪገም ያንግ። ልጄ ለሳቅ ብላ ነበር ደንቡን የምታነበው፤ ባለቤቴ ግን ጀበናውን ይዛ ቆማ ቀረች። መጠጥ የለም። ሲጋራ የለም። ወንዶቹ ጢማቸውን ይላጫሉ። “እስካሁን የት ነበረ ይሄ ትምህርት ቤት?” አለች፣ እልል ለማለት ትንሽ ሲቀራት።

“ቡናና ሻይም ክልክል ነው” አለች ልጄ።

ቶናው አየር ላይ ቀረ።

“ቡና?”

“ቡና።”

“ምን በድሎ?”

“ኮካ ግን ከ2017 ጀምሮ ግቢው ውስጥ ይሸጣል” አለች ልጄ ልታጽናናት።

“ለኮካ ነው የወለድኩሽ?”

በዚህ መሀል እኔ በስልኬ ቤሪያን አገኘሁ። ኬንታኪ ነው። የትምህርት ክፍያ የለም፤ ተማሪ ሁሉ በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት ይሠራል። በአብዛኛው የሚቀበለው አቅም የሌላቸውን ልጆች ነው፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የባንክ ሂሳቤ መስፈርት አሟላ። ልጄ ፊቷን አጨማደደች። በ1855 በፀረ ባርነት ሰዎች መመሥረቱን፣ ጥቁርና ነጭ አብሮ እንዳይማር ኬንታኪ በ1904 ሕግ ስታወጣ ኮሌጁ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ተከራክሮ መሸነፉን ሳነብላት ግን ላፕቶፗን ዘጋች።

“ቤሪያ” አለች ቀስ ብላ።

“በረካማ ገና ነው” አለች እናቷ ጀበናው ላይ ውሃ እየጨመረች። “ለመሆኑ ከዚህ በመኪና ስንት ሰዓት ነው?”

“ስምንት አለፍ ይላል።”

“ቡና ያስጠጣሉ?”

“ያስጠጣሉ።”

“እንግዲያው ቁጭ በይና ማመልከቻውን ሙዪ።”