ሲስተም የለም ላሉን

ሲሉን፦ «ጋሼ፣ ሲስተም የለም። ስልኩም አይሠራም።»
ስንላቸው፦ ሲስተሙስ ይሁን፣ ለመደነው። ስልኩን ምን አገኘው?

ሲሉን፦ «የለቡ ቅርንጫፋችን ስልክ በኔትወርክ ነው የሚሠራው። ሰርቨሩ ያለው ሜክሲኮ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው።»
ስንላቸው፦ ለካ ገንዘብ ያዧ አጠገቧ ያለችውን ሥራ አስኪያጅ በጩኸት የምትጠራት ለዚህ ነው! ለቡ ተቀምጦ ለቡ ለመደወል ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚያስፈቅድ ስልክ! ስታስነጥሱስ ደብዳቤ ትጽፋላችሁ?

ሲሉን፦ «ፋይበሩን የበጠሰው መንገድ የሚቆፍረው ኤክስካቫተር ነው። እኛ ምን እናድርግ?»
ስንላቸው፦ ኤክስካቫተሩ አንድ መስመር በጠሰ፤ ሁለተኛውን ያላስገባችሁት እናንተ። የቅርንጫፉን ስልኮች ዝርዝር ይዞ የሚጠብቅ ራውተር አለ። ዋናው ሰርቨር መልስ መስጠት ሲያቆም ስልኮቹ ወደ እሱ ይዞራሉ፤ የውስጥ መስመሩ አይቋረጥም። ወደ ውጭ ደግሞ በመደበኛው የ011 መስመር ወይም በሲም ይወጣል። ሁለቱንም መስመር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከቀበራችሁ ግን አንድ ኤክስካቫተር ይበቃችኋል።

ሲሉን፦ «መጠባበቂያማ አለን።»
ስንላቸው፦ እሑድ ቀን ኬብሉን ነቅላችሁ ሞክራችሁት ታውቃላችሁ? መጠባበቂያው እናንተን ሲጠብቅ፣ እናንተ ቴክኒሺያኑን ስትጠብቁ፣ እኛ ሁላችሁንም ስንጠብቅ መሸ።

ሲሉን፦ «መብራትም እኮ ሄዷል!»
ስንላቸው፦ የድሮው የመዳብ ስልክ ኃይሉን ከቴሌ ጣቢያ በዚያው ሽቦ ስለሚያገኝ የሰፈር መብራት ቢሄድም ይሠራ ነበር። የእናንተ ግን የኔትወርክ ስዊቹ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ራውተሩንና ስዊቹን ዩፒኤስ ላይ ሰኩ ሲባል የጥበቃውን ቻርጀር ሰካችሁ። የጥበቃው ሞባይል እንደሆነ መቶ ፐርሰንት ሞልቷል!

ሲሉን፦ «ቴክኖሎጂው ዘመናዊ ስለሆነ ነው።»
ስንላቸው፦ በምኒልክ ዘመን ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር መስመር ተዘርግቶ ሰው ተነጋግሯል። እናንተ ከለቡ ሜክሲኮ አቃታችሁ። ያኔ የሚዞረው የስልኩ እጀታ ነበር፤ ዛሬ የሚዞረው ባለጉዳዩ ነው።

ሲሉን፦ «ችግር የለም፣ በግል ሞባይላችን እንደዋወላለን።»
ስንላቸው፦ እናንተማ ትደዋወላላችሁ። እኛ የያዝነው ደረሰኙ ላይ የታተመውን ቁጥር ነው። ጥሪው ዋናው መሥሪያ ቤት ከደረሰ በኋላ መንገድ ሲያጣ ወደ ቅርንጫፉ ሞባይል እንዲዞር አስቀድሞ ማዘዝ ይቻላል። ያ ሞባይል የቅርንጫፉ ይሁን ታዲያ፤ የገንዘብ ያዧ ከሆነ እረፍት የወጣች ቀን ቅርንጫፉም እረፍት ወጣ ማለት ነው።

ሲሉን፦ «ትንሽ ታገሡ፣ አሁን ይመጣል።»
ስንላቸው፦ እኛ እንታገሣለን። እሳት ቢነሳስ? የእሳት አደጋው 939 ነው። እሱንም ልትደውሉ ዋናው መሥሪያ ቤትን ልትጠብቁ ነው? እሳት ወረፋ አይዝም።

ሲሉን፦ «ቅሬታ ካለዎት ይደውሉልን።»
ስንላቸው፦ ደወልን እንጂ! እዚሁ ወረፋ ላይ ቆመን ደወልን። የእናንተ ስልክ ጭጭ አለ፤ የጮኸብን ጥበቃው ነው፤ «እዚህ ስልክ ማናገር ክልክል ነው!» አለን። ደንቡን አክብሮ የተገኘው የእናንተው ስልክ ብቻ ነው።